ቀይ የተቀባው ጠዳ

የትነበርሽ የወተት ማቀነባበሪያዋን የከፈተችው ጠዳ ላይ፣ ከባሕር ዳር መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። የዳባት ገበሬ ልጅ ናት። ከየቤቱ ወተት እየሰበሰበች ጎንደር ፒያሳ ላሉ ካፌዎች በማከፋፈል ጀምራ፣ አሁን እርጎዋና ቅቤዋ ጎንደር ውስጥ ብዙ ሆቴል ይገባል። ማሽኖቿ ግን አርጅተው ገበሬው ከሚያመጣው ወተት ግማሹን መመለስ ጀምራ ነበር። ስለዚህ አንድ የአዲስ አበባ ኩባንያ ድርሻ ገዝቶ አዲስ ማሽን ሊያስገባ ሲስማማ፣ ባለቤቷ አብዮት ጊዜ አላጠፋም፤ ለማስፋፊያው የሚሆን ድንጋይ አስጭኖ ግቢው ውስጥ ከመረ።

በኅዳር ስልክ ተደወለላት። የደወለው አንዱዓለም የሚባል የኩባንያው የሥጋት ገምጋሚ ነበር። ሥራው ኩባንያው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ምን ሊያበላሸው እንደሚችል ማየት ነው። በትሕትና፣ ዕቅዱ መቆሙን ነገራት። ምክንያቱ ውሃ ነበር። ኩባንያው ማንኛውንም ቦታ የውሃ እጥረት በሚያሳይ ካርታ ላይ ያያል፤ ካርታው ደግሞ ጠዳን ከነዙሪያዋ ቀይ ቀብቷታል።

የትነበርሽ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ፣ ካርታውን ማን እንደሠራው ጠየቀችው። ከሳተላይትና ከዝናብ መረጃ የተሠራ መሆኑን፣ ሰፊ አገርን እንደ አንድ ቦታ እንደሚቆጥር፣ የአንድን ሰው ጉድጓድ ለይቶ ማየት እንደማይችል ሳይደብቅ አስረዳት።

«እንግዲያው የከለከለኝ ጉድጓዴን ያላየ ካርታ ነው» አለችው። «ምን ባሳያችሁ ነው ሐሳባችሁን የምትለውጡት?»

አንዱዓለም እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጥ ሰው ወይ ይለምነዋል፣ ወይ ስልኩን ይዘጋበታል፤ ይህን የጠየቀው አልነበረም። የሚያስፈልገውን ነገራት። የጉድጓዱ ውሃ በበጋው ምን ያህል እንደሚወርድ፣ ለአንድ ሊትር ወተት ስንት ውሃ እንደምታወጣ፣ ቆሻሻ ውሃዋ የት እንደሚሄድ፣ በውሃው ሌላ ማን እንደሚጠቀም። እስከ ግንቦት ለክታ ከጠበቀችው ራሱ መጥቶ እንደሚያይ ቃል ገባላት።

አብዮት ነገሩን አልወደደውም። ሌላ ባለሀብት መፈለግ ይሻላል ባይ ነበር። እሷ ግን የሚመጣው ሁሉ ይህንኑ መጠየቁ እንደማይቀር ነገረችው። የውሃ ቆጣሪ ገዝታ አስገጠመች። በየሰኞው ጠዋት ሠራተኛ ሳይገባ፣ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ገመድ ራሷ ወደ ጉድጓዱ እየሰደደች ትለካ ጀመር።

ቆጣሪው መጀመሪያ ያሳያት ነገር አሳፈራት። የምታባክነው ውሃ ካሰበችው ሦስት እጥፍ ነበር። የወተት ቢዶ ሲታጠብ የውሃው ጎማ እንደተከፈተ ይረሳል፤ ወተት ያቀዘቀዘው ንጹሕ ውሃም አንዴ አልፎ ይፈስሳል። ጎማዎቹ ላይ መዝጊያ አስገባች፤ የማቀዝቀዣውን ውሃ በታንከር መልሳ ተጠቀመችበት። ጉድጓዱ በየካቲት ወረደ፣ በመጋቢትም ትንሽ ወረደ፣ በሚያዝያ ባለበት ቆመ። ያን ሰኞ ገመዱን ጠቅልላ ስትነሣ ፊቷ በርቶ ነበር።

አንዱዓለም በግንቦት መጣ። ቁመተ ረጅም፣ ንግግረ ቁጥብ ወጣት ነው። ጠዋቱን ሙሉ ጉድጓዱን፣ ቆጣሪውን፣ ታንከሩን ሲያይ ቆየ። አብዮት ነገሩ እንዳለቀ ቆጥሮ ምሳ ሊያዝዝ ሲል፣ እንግዳው ውሃው የሚመጣበትን አይቻለሁ፣ አሁን የሚሄድበትን አሳዩኝ አለ።

ከአጥሩ ጀርባ ያለው ቱቦ ወደ ሸለቆ ይወርዳል። የትነበርሽ ወደዚያ ከወረደች ቆይታለች። መንገዱን ሳይጨርሱት ሽታው ተቀበላቸው። ታች፣ ከመንደሩ ምንጭ ዳር፣ ውሃው ነጣ ያለ አረፋ ይዞ ተኝቷል። የመንደሩ ሽማግሌ አያ ማሩ ከብቶቻቸውን ከምንጩ አርቀው በማዶው ዳገት ይነዳሉ።

«አያ ማሩ፣ ምነው ከብቶቹን እዚህ አያጠጧቸውም?» አለቻቸው።

«አይጠጡትማ። እኛም ከሁዳዴ ወዲህ አልቀመስነውም። ሴቶቹ ወንዝ ድረስ ነው የሚወርዱ።»

የትነበርሽ ሁዳዴ ሲሉ ገባት። በጾሙ ወተት የሚገዛ ስለማይኖር፣ የተረከበችውን ሁሉ አይብ ታደርገዋለች፤ ሥራው ከፋሲካ በኋላም ስላልቆመ የአይቡ አጓት በዚያው ቱቦ ሲፈስ ከርሟል።

«ለእኔ ምነው ሳትነግሩኝ?»

«ለዘበኛሽ ደጋግመን ነገርነ። ዝም አላችሁ። አሁን ቱቦሽን ልንደፍነው ተስማምተናል።»

ሽማግሌው አልተቆጡም፤ የተናገሩት ያለቀለት ነገር እንደሚነገር አድርገው ነው። ያስፈራትም ይኸው ነበር።

ሲመለሱ አብዮት ለብቻዋ አነጋገራት። እንግዳው ስለ ጉድጓዱ ብቻ እንዲጽፍ እንለምነው፣ የምንጩ ነገር በጎረቤት መካከል ቀስ ብሎ ያልቃል አላት። የትነበርሽ ማሽኑን ትፈልገዋለች፤ በጋውን ሙሉ የለፋችው ለእሱ ነው። ግን ሰዎቹ ቱቦውን ቢደፍኑት ፋብሪካው በማግሥቱ እንደሚቆም፣ ባይደፍኑትም እነዚያ ሴቶች በየቀኑ ወንዝ ሲወርዱ እያየች መሥራት እንደማትችል ታወቃት። ራሷ ወደ አንዱዓለም ሄደች።

«ያየኸውን ሁሉ ጻፈው» አለችው። «ክረምቱ ሳይገባ አስተካክላለሁ፤ እሱንም ጻፍልኝ።»

«እንደዚህ ከተጻፈ ነገሩ ይዘገያል።»

«ይዘግይ።»

በዚያው ቀን የአይቡን ሥራ አቆመች። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ የመንደሩ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀምጦ አገኘችውና ጥፋቷን ተናገረች። ምንጩ እስኪጠራ ከራሷ ጉድጓድ ከአጥሩ ውጭ ቧንቧ ልታወጣላቸው፣ አጓቱንም ከእንግዲህ በበርሜል አጠራቅማ ከብት ለሚያደልብ ልትሰጥ ቃል ገባች። ወንዝ መውረዱ ወገቧን ያጎበጣት እናኑ የምትባል ሴት በሁሉም ስም መለሰችላት።

«ይቅርታሽን ሰምተናል» አለች እናኑ። «የምናምንሽ ውሃው ሲጠራ ነው።»

ቧንቧው በሳምንቱ ወጣ። ከፋብሪካው በታች፣ የእጥበት ውሃው ዝቃጩን የሚጥልባቸው ተከታታይ ገንዳዎች ማስቆፈር ጀመረች። ግንቡ የተሠራው አብዮት ለማስፋፊያው ባመጣው ድንጋይ ነው። አብዮት ድንጋዩ ሲነሣ ቆሞ አየ፤ ጥቂት ቀንም አኩርፎ ሰነበተ። ኋላ አንድ ጠዋት አካፋ ይዞ ከገንዳዎቹ አንዱን ሲቆፍር አገኘችው። በሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ አንዱን ግንብ ናደው። በሁለተኛው ሳምንት ወፍራም አድርገው መልሰው ሠሩት።

በመስከረም የምንጩ ውሃ በላቦራቶሪ ተመረመረና ገና አልጠራም ተባለ። በኅዳር ተመረመረና ጠራ ተባለ፤ ቧንቧውም ለመንደሩ እንዳለ ተተወ። እናኑ ከምንጩ ቀድታ ስትወጣ የትነበርሽ ከዳገቱ ላይ ቆማ አየቻት፤ አልጠራቻትም፣ ብቻ እስክታልፍ ድረስ ተመለከተቻት።

ኩባንያው መልሱን በታኅሣሥ ላከ። ከማሽኖቹ ግማሹ አሁን ይገባል፤ ቀሪው ሌላ በጋ ታይቶ ነው። አንድ ግዴታም ነበረበት። ጉድጓዱ ሲለካ ከመንደሩ ሰው መኖር አለበት። አያ ማሩ ምስክር ሆነው ይፈርሙ እንደሆነ ስትጠይቃቸው፣ ፊርማ የሚባል ነገር እንደማይነኩ፣ መምጣቱን ግን እንደሚመጡ ነገሯት። «ሸጋ ነው፤ ዓይናችን ይየው» አሉ።

አዲሱ ማሽን በየካቲት ተተክሎ ሥራ ጀመረ። ያለፈው ክረምት ግን ጊዜው ሳይደርስ በነሐሴ ነበር የወጣው። በመጋቢት አንድ ሰኞ ገመዱ ካለፈው ዓመት እጅግ ዝቅ ብሎ ነው ውሃ የነካው። አያ ማሩና እናኑ ከጎኗ ቆመዋል። ከአዲስ አበባ ገና የጠየቃት ሰው የለም፤ ማሽኑ ደግሞ ከሚገባለት ወተት በላይ መሥራት ይችላል። እናኑ አሁንስ ምን ልታደርጊ ነው አለቻት።

«ዝናብ እስኪጥል በግማሽ እንሠራለን» አለች የትነበርሽ። «የእናንተ ቧንቧ አይዘጋም።»

ቢሮዋ ገብታ ለአንዱዓለም ልኬቱንና ውሳኔዋን በስልክ ነገረችው። ቀጥላ ለሆቴሎቹ ደወለች፤ ከፋሲካ በኋላም እስከ ሰኔ እርጎና ቅቤ እንደሚቀንስ፣ ለማንኛቸው በየትኛው ቀን እንደሚደርስ እያስረዳች። ፒያሳ ያለ አንድ ደንበኛዋ እንዲህ ከሆነ ወደ ሌላ እሄዳለሁ አላት። እንደምታዝን ነገረችው፤ ስልኩን ዘግታ ለሚቀጥለው ደወለች።