ከፏፏቴው ተሳስተን የወሰድነው ሰው

የእኛ ስፌት ቤት የሚሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ሥራው ያልቃል፤ አብረን እኛም እናልቃለን። በዚያ ዓመት ደግሞ ወለሉ ሊታደስ ማሽኖቹ ሁሉ ጓሮ ወጡና አራት ቀን ያለ ሥራ ቀረን። የቤቱ ባለቤት እትዬ ሥራ ፈትቶ መቀመጥን ከሕመም ለይተው አያዩትም። "እንግዲያው አገር እናያለን" አሉና የእህታቸውን ባል ከነሚኒባሱ አስጠሩ።

ስምንት ነበርን፦ እትዬ፣ ሹፌሩ፣ ሁለት ሰፊዎች፣ አንዷ ቁልፍ የምትተክል ሌላዋ የቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራ ሁለት እህትማማቾች፣ ተኳሹ ካውያ፣ እና እኔ። እኔ ጨርቅ ቆራጭ ነኝ። ሜትር ከአንገቴ ስለማይወርድ ስሜም ሜትር ሆኖ ቀርቷል። እትዬ "አንቺ ቁጥር አትስቺም" ብለው በየማረፊያው ሰው የመቁጠሩን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። ያኔውኑ እምቢ ብዬ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ።

ስለ ካውያ ትንሽ ልበል። ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ቆሞ ይተኩሳል። ከማሽኑ ጩኸት የተነሣ የሚለውን የሚሰማው ሲያጣ መናገሩን እርግፍ አድርጎ የተወ ሰው ነው። ሥራ ከሌለ ይተኛል። ያን ቀንም ከከተማ ሳንወጣ የኋላውን ወንበር ይዞ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አናቱ ተከናንቦ ማንኮራፋት ጀመረ። ስልኩን ከሹፌሩ አጠገብ ቻርጅ ላይ ሰክቶት ነበር።

የመጀመሪያው ማረፊያችን ቤተ መዘክር ነው። ቤተ መዘክሩ ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው። ቀኑ ሰኞ ነው። እትዬ በሩን ሁለት ጊዜ ገፉትና ጉዞውን ያቀዱበትን ደብተር እያሳዩ ዘበኛውን "በደብተሬ ላይ እኮ ክፍት ነው!" አሉት። ዘበኛው አንጀቱን በሉት መሰል፣ በመስኮት እንድናይ ፈቀደልን። የአንድ ማሰሮ ግማሽ አየን። ቀዳዳ ሠሪዋ "የንጉሥ ማሰሮ ይሆናል" ስትል ቁልፍ ተካይዋ "ንጉሥ ማሰሮ ምን ያደርግለታል?" አለች፤ በዚሁ ተነሥተው እስከ ፏፏቴው ድረስ ተነታረኩ።

ፏፏቴው ሁለተኛው ማረፊያ ነበር። ሹፌሩ "ይህን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማውቀው" ማለት ይወዳል። ሁለት ጊዜ ከጠፋን በኋላ እትዬ "እስቲ ዛሬ ገልጠህ ንዳው" አሉት።

ስንደርስ ግን ማሰሮውም መጥፋቱም ተረሳ። ውሃው ከገደሉ አፍ ተወርውሮ ሲወርድ መሬቱ እግራችን ሥር ይንቀጠቀጣል። ብናኙ ከሩቅ ይመጣና ፊትን ያጥባል። እህትማማቾቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲጮኹ እንኳ አንዳቸው የሌላቸውን አልሰሙም፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ሳይጣሉ የቆዩት። ካውያ ሳይቀር ነቅቶ፣ በደረጃው ወደ ታች ሲወርድ አይቼዋለሁ።

እትዬ ለፏፏቴው የመደቡት ሃያ አምስት ደቂቃ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ አጨበጨቡ። እንደ በሰበሰ ጨርቅ ውሃ እያንጠባጠብን ወደ መኪናችን ሮጥን። ከጎኑ አንድ ትልቅ ነጭ አውቶቡስ ቆሟል። ሁላችንም ፎጣም ሻርፕም ያገኘነውን ተጠቀለልን። እኔ ከበሩ ቆሜ ቆጠርኩ፤ ከኋላ ብርድ ልብስ የተከናነበውን ጨምሬ፣ ስምንት።

"ሙሉ ነን!" አልኩ። ሄድን።

አንድ ሰዓት ያህል ከተጓዝን በኋላ የካውያ ስልክ ጮኸ። ሹፌሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነሣው።

"ሃሎ?"

"እኔ ነኝ።"

"አንተ ማነህ?"

"ካውያ ነኛ!"

ሹፌሩ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። "ሂድ ቀልደኛ! ካውያማ ከኋላ ተኝቷል።"

"እንዴት ነው የተኛሁት? ፏፏቴው ጋ ቆሜያለሁ እኮ! በቃሌ የማውቀው የራሴን ቁጥር ብቻ ስለሆነ ሰው ለምኜ ነው የደወልኩት!"

እትዬ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "ሜትር። ቁጠሪ።"

እንደገና ቆጠርኩ። "ስምንት ነን እትዬ። ቁጥሩ ልክ ነው።"

"ቁጥሩን ተይው! ፊቱን እዪልኝ!"

ወደ ኋላ ሄድኩና ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። አንድ ሽማግሌ፣ መነጽራቸው በክር ከአንገታቸው ተንጠልጥሎ፣ ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ተቀድዶ፣ ዓይናቸውን አሻሹና "ደረስን እንዴ?" አሉኝ። እህትማማቾቹ እኩል ጮኹ። በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ነው።

ሰውየው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። የመጡት በዚያ ትልቅ አውቶቡስ፣ እንደ እሳቸው ጡረተኛ ከሆኑ ሃያ ሦስት መምህራን ጋር ነው። "አዳልጦኝ ወድቄ፣ በርዶኝ፣ በራችሁ ተከፍቶ ሳየው ልጠለል ገባሁ" አሉ። "ብርድ ልብሱ ሞቀኝ፤ እንቅልፍ ወሰደኝ።" ስልካቸው አውቶቡሱ ውስጥ ቀርቷል።

ካውያ በተዋሰው ስልክ ወዲያ ማዶ ያለውን ነገረን። መምህራኑ ጓደኛቸው የውሃ ሽታ ሆነውባቸው ገደል ለገደል ሲፈልጉ ነበር። አንዷ ማልቀስ ጀምራለች።

"አትንቀሳቀሱ፣ እንመጣለን!" አሉ እትዬ።

ከወዲያ በኩል አንድ ወፍራም ድምፅ "የለም፣ እናንተ ቁሙ፣ እኛ እንመጣለን!" ሲል ተሰማ። ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

የሚሆነውን ማንም መገመት ይችል ነበር፤ ሹፌራችን ግን ከነፋስ ቀድሞ አዞረው። ግማሽ ሰዓት እንደሄድን አንድ ጠባብ ድልድይ ላይ ትልቁ ነጭ አውቶቡስ ከፊታችን መጣ። ካውያ ከፊት ወንበር ላይ በሁለት እጁ ያውለበልባል። እኛም አውለበለብን። ከኋላችን የጭነት መኪና ጥሩምባውን ያንባርቃል፣ መቆም አይቻልም፤ ተላለፍን። እኛ ወደፊት ሄደን መዞሪያ ፈልገን ዞርን። እነሱም ወደፊት ሄደው መዞሪያ ፈልገው ዞሩ። እዚያው ድልድይ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ተላለፍን። በዚህኛው ካውያ ማውለብለቡን ትቶ በምልክት "ቁሙ!" ይለን ነበር። እኛ ሰላምታ መስሎን መለስንለት።

"አቁም!" አሉ እትዬ። "የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ከእንግዲህ አንድ ሰው እዚች መሬት ላይ ይተከል፤ እሱም እኛ ነን።"

መንገዱ ዳር፣ ለአስፋልት ሲባል የተቆረጠ ገደል ሥር ቆምን። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አወጣን። መምህሩ እንቁላላቸውን እየላጡ ቀና ብለው ገደሉን ያያሉ። እኔም አየሁ፤ ድንጋይ ነው።

"ምንድን ነው የሚያዩት ጋሼ?" አልኳቸው።

"አንቺ ቆራጭ ነሽ አይደል? ምን ይመስልሻል?"

ያኔ ታየኝ። ቀይ፣ ግራጫ፣ ነጭ፣ እንደገና ቀይ፤ ልክ ጠረጴዛዬ ላይ ከመቁረጤ በፊት እንደምደራርበው ጨርቅ ተነባብሯል። አንዱ ጋ ደግሞ አንድ ሰው በሁለት እጁ ገፍቶ እንዳጠፈው ታጥፏል። ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ለካሁት። ቀዩ ብቻ ሰማንያ ሁለት ሳንቲሜትር። መምህሩ ሌላ አንድም ቃል አልጨመሩም፤ አጠገቤ ቆመው እንቁላላቸውን በሉ።

እትዬ መጡና "ጋሼ፣ መቼም በእኛ ጥፋት ተጉላልተዋል፣ ይቅር ይበሉን" አሏቸው።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "እውነቱን ልንገርሽ? ከፏፏቴው ብዙም ሳንርቅ ነቅቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ሃያ አራት መምህር በአንድ አውቶቡስ ተሳፍሮ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሁሉም ያስረዳል፣ የሚሰማ የለም። ዛፍ ባለፍን ቁጥር ሃያ አራት ማብራሪያ! እናንተ ግን ስትነታረኩ እንኳ ማንም ማንንም አያስተምርም። ብርድ ልብሱን መልሼ ተከናነብኩት።"

እትዬ ሲስቁ ብዙ አላየሁም። ያን ቀን ግን የመኪናውን በር ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

አውቶቡሱ ሲመጣ በሩ ተከፈተ፤ ካውያ ግን አልወረደም። ከፊት ቆሟል፣ ማይክሮፎን ይዟል። "...እንግዲህ የቀሚስ እጥፋት ስትተኩሱ ከላይ አትጀምሩ። ለምን? ጥያቄ አለ?" አንዲት አሮጊት መምህርት እጃቸውን አወጡ። ሌሎቹ ይጽፋሉ።

"ይህን ሁሉ ዘመን የት ደብቃችሁት ነበር?" አሉን መምህርቷ። እኔ ከእሱ ጋር ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ድምፁ እንዲህ የሚያምር መሆኑን አላውቅም ነበር።

"ውረድ እንጂ!" አለው ሹፌሩ።

"ስለ ኮሌታ ገና አልነገርኳቸውም" አለ ካውያ።

መምህሩም ወደ አውቶቡሳቸው አልተንቀሳቀሱም። እትዬ አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። "ሦስተኛው ማረፊያችን ሐይቁ ነው፤ እስከዚያ እንዳላችሁ ሁኑ" ብለው ፈረዱ።

ስለዚህ ሐይቁን ያየነው በሁለት መኪና ተከታትለን ነው። እውነቱን ለመናገር ሐይቁ ደርቆ ኩሬ አክሎ ነበር፤ ማንም ግን ቅር አላለውም። ስንለያይ እትዬ መምህሩን "ስፌት ቤታችን ጩኸት አለው፤ የሚያስተምርዎት ግን የለም። ሲሰለችዎ ብቅ ይበሉ" አሏቸው።

በሳምንቱ መጡ፣ ያችን ጉልበቷ የተቀደደች ሱሪ ይዘው። አንዱ ሰፊ ጣፋት፤ ካውያ ተቀበለና ሊተኩሳት ዘረጋት። መቼም አንዴ አፉ ተከፍቷል፣ ስለ ሱሪ መስመር ማስረዳት ጀመረ። የጠቀለልኩትን ጨርቅ አስቀምጬ "አሁን ጋሼ ተነሥተው ይሄዳሉ" ብዬ ጠበቅኩ።

መምህሩ ወንበራቸውን ወደ መተኮሻው ጠረጴዛ ሳብ አደረጉ። ካውያ ሲጨርስም "መሃሉ ላይ ያልከው አልገባኝም" አሉት፤ "እስቲ እንደገና ንገረኝ።"