የእናቷ ነጠላ በሠርጉ ፎቶ

ተናኜ በቀላሉ የምትደነቅ ሴት አይደለችም። ኦስሎ፣ ስቶቭነር ሰፈር ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ስትኖር፣ ባርነሃገ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የስንቱን ሕፃን አፍንጫ ስትጠርግ፣ «ጉድ ነው!» ስትል የሰማት የለም። የጎረቤቷን የብርሃነመስቀልን ልጅ ማርያን ግን ዛሬ ላገኘችው ሰው ሁሉ ታወድሳለች፤ አንዴ ከጀመረች ደግሞ ማቆሚያ የላትም። ደግሞም እውነቷን ነው።

ማርያ እዚሁ ኦስሎ ተወልዳ ያደገች የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ናት። ትምህርት ቤት የመረጠችው የሚዲያ ክፍል ሲሆን፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተደፍታ ፎቶ ስትቆርጥና ስትቀጥል ትውላለች። አባቷ አልናብሩ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ውሎ ይገባል። ልጅህ ምን ትማራለች ሲሉት «ማጭበርበር» ብሎ ይመልሳል፤ ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ ግን ከልቡ ነው። ነርስ እንድትሆንለት ነበር የተመኘው።

በፈረንጆቹ 2014 የጸደይ ወራት መምህሯ ለትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን የሚቀርብ የመመረቂያ ሥራ ሰጠቻቸው። ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ፎቶዎች አንድ ምስል ሥሩ፣ መሆን ሲገባው ሳይሆን የቀረ ነገር ይሁን፣ አጠገቡም ምን እንዳደረጋችሁ በካርድ ጽፋችሁ ለጥፉ አለቻቸው። ማርያ ይህን እንደሰማች ሮጣ የሄደችው ተናኜ ቤት ነው።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በ1993 የተነሣ የተናኜ የሠርግ ፎቶ አለ። በባሏ በኩል ወንድሙ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። በእሷ በኩል ማንም የለም። ያ ቦታ የእናቷ ነበር። የእናቷ የቪዛ ወረቀት ሳይሳካ ቀረ፣ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ እናቷ አረፈች፤ እናትና ልጅ ሳይተያዩ ቀሩ። ተናኜ ይህን ባዶ ቦታ ባየች ቁጥር አሁንም ያማታል። «እናቴ ሳትድረኝ ያገባሁ እኔ ነኝ» ትላለች።

«እትዬ ተናኜ፣ እናትሽን እዚህ ጋ ላቁማት?» አለች ማርያ። እትዬ ብላ ጠርታ አንቺ ማለቷን፣ በየመሃሉም ለአዎ «ያ»፣ ለአይ «ናይ» እያለች ኖርዌይኛ መቀላቀሏን ተናኜ ድሮ ለምዳዋለች።

«ትችያለሽ?»

«ያ! ፎቶ ካለሽ።»

የነበረው አንድ ፎቶ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ የመዳፍ ግማሽ የሚያህል፣ ጫፉ የተቀደደ። ከአዲስ አበባ የመጣ የአጎቷ ልጅ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ ያነሣው ነው። ተናኜ በቦርሳዋ ይዛው ባሕር ተሻግራለች፤ ስታየው ግን የምታየው ፊቱን ብቻ ነበር። እናት ፎቶ ላይ ስትሆን ማን ልብሷን ያያል?

ማርያ ለሦስት ሳምንት እየተመላለሰች የጥያቄ ዶፍ አወረደችባት። እናትሽ ጠይም ናት የቀይ ዳማ? ቁመቷስ እስከ ጆሮሽ ይደርሳል? ማርያም የሳመቻት ምልክት ያለው በየትኛው ጉንጯ ነው? ይህን የጠየቀችው ብርሃኑ በአሮጌው ፎቶ ከቀኝ፣ በሠርጉ ፎቶ ግን ከግራ ስለሚመጣ ነው። ፊቱን እንደ መስታወት ገልብጣ ብትገላገል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ምልክቱ ወደማይሆን ጉንጭ እንዳይሄድባት ብላ ጥላውን በእጇ፣ ከአፍንጫው ሥር እስከ አገጩ፣ ነጠብጣብ በነጠብጣብ አዛወረችው። ተናኜ ይህን ስትሰማ ልጅቷን በሌላ ዓይን ማየት ጀመረች፤ ለማታውቃት ሴት ጉንጭ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ገጥሟት አያውቅም። ግሮንላንድ ሰፈር ጤፍ ልትገዛ በሄደች ጊዜም ያገኘችውን ሐበሻ ሁሉ ለኤግዚቢሽኑ ጠራች።

ኤግዚቢሽኑ ሐሙስ ሊከፈት ማርያ ማክሰኞ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ከፈተችው።

እናቷ እዚያ ቆማለች። ከሙሽራዋ ጎን፣ የቀይ ዳማ፣ ከጸጉሯ ጫፍ ላይ የግንቦት ፀሐይ አርፎባት። ጥላዋ ሳይቀር ከሌሎቹ ጥላ ጋር ወደ አንድ ወገን ወድቋል። ተናኜ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ዓይኗ ከፊቱ ወደ ታች ወረደና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ዝጊው» አለች።

«ምነው? አላማረም?»

«ዝጊው አልኩሽ! እናቴ ሠርጌ ላይ ለቅሶ ቆማለች።»

ማርያ ምንም አልገባትም። ተናኜ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አስቀመጠች። ጥለቱ ወደ ታች መውረድ ሲገባው አንገት ሥር ተጠምጥሟል፤ ነጠላው ተዘቅዝቋል። እንዲህ የሚለብስ ሰው የሞተበት ሰው ነው። ያ ፎቶ የተነሣው የአጎቷ አርባ የወጣ ቀን ነበር፤ ሁሉም እንደዚያው ለብሶ ስለነበር የአንዷ ነጠላ ለይቶ አይታይም። በዚያ ላይ ጥለቱ በጥቁርና ነጩ ፎቶ ግራጫ መስመር ነው። ማርያ ናት በፍቅር ቀይና አረንጓዴ አድርጋ ያደመቀችው፤ ያስዋበችው መስሏት መርዶውን አስጮኸችው።

«ማንም አልነገረኝም» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ተናኜ ልትቆጣት ነበር። ግን በማን ትቆጣ? ይህን ፎቶ ስንት ዓመት በቦርሳዋ ስትሸከም ራሷስ መቼ አየችው?

«ጥለቱን ላጥፋው? ነጭ ብቻ ይሁን።»

«ልጇን ልትድር የመጣች እናት ያለ ጥለት? ከመንገድ የተጠራች ታስመስያታለሽ።»

ማርያ እዚያው ቁጭ ብላ ጥለቱን ከአንገት አንሥታ ወደ ታች አወረደችው። ተናኜ መነጽሯን አድርጋ አየችና «ይሄ መጋረጃ ነው» አለች። መጋረጃም ይመስል ነበር። ጨርቅ ሲገለበጥ እጥፋቱም ይገለበጣል፣ ያንን እጥፋት የያዘ ፎቶ ደግሞ በዓለም ላይ የለም። ማርያ ይህን ስትረዳ አሮጌውን ፎቶ አንሥታ አየችው። በመጨረሻ ቀና ብላ «እናትሽ እዚህ ፎቶ ላይ ስንት ዓመቷ ነው?» አለች።

«ሃምሳ ሁለት።»

«አንቺስ?»

«ሃምሳ አንድ። ምነው?»

«ነገ ከሥራ ስትመለሺ ሐበሻ ቀሚስሽን ልበሺና ነጠላሽን እንደ ሠርግ አጣፊ።»

ረቡዕ ከሰዓት ተናኜ በረንዳዋ ላይ አጊጣ ቆመች። ፀሐዩ ከግራ እስኪመጣ አርባ ደቂቃ አስጠበቀቻት። በዚያ ሰዓት ማርያ ልጅ አልነበረችም፤ አዛዥ ነበረች።

«ቀና በይ። ናይ፣ እንደሱ አይደለም። ግራ ትከሻሽ ወርዷል፣ አስተካክዪው።»

«እንዲሁ ነው የተፈጠርኩት፣ ምን ላድርግልሽ?»

«እሺ፣ አትሳቂ።»

«ፊቴን ለማትፈልጊው ብስቅስ ምን አገባሽ?»

«ስትስቂ ነጠላው ይነቃነቃል።»

ሠላሳ ጊዜ ያህል አነሣቻት። ከዚያ የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ሥራዋን ጀመረች፤ ተናኜም ከኋላዋ ቆመች። የአንዱን ሰው ራስ ከሌላው ሰው አካል ጋር ማጋጠም ክፉ ሥራ ነው አለቻት ማርያ፤ አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ይጠባል፣ እየጎተቱ እየጨመቁ ማስማማት ነው። የተናኜን ምስል እንደ ስስ ወረቀት አሳስታ በእናቷ ምስል ላይ ጣለችው፤ የቱ ጋ እንደሚጎተት ልታይ።

እጇ ቆመ።

የትከሻው መስመር በትከሻው መስመር ላይ ተኝቷል። አንገቱም፣ ክንዱም። የግራው ትከሻ ዝቅታ ሳይቀር የእናትና የልጅ አንድ ነው።

«ምን አደረግሽው?» አለች ተናኜ በሹክሹክታ።

«ምንም። አልነካሁትም።»

ሐሙስ የትምህርት ቤቱ ኮሪደር በሰው ተሞላ። ብርሃነመስቀል የሥራ ጃኬቱን ሳያወልቅ መጥቶ ከልጁ ሥራ ፊት ተገተረ፤ ከዚያ በኋላ ማጭበርበር የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም። ቀጥለው ጋሽ ተስፋዝጊ መጡ፤ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው፣ በ1993 ሙሽራዋን በመኪናቸው ያመጡ እሳቸው ነበሩ። መነጽራቸውን ረስተው ስለነበር ካርዱን አላነበቡም። ፎቶውን ግን ቀርበው ተመለከቱ።

«እናትሽ ትዝ ይሉኛል» አሉ። «እዚህ ጋ ነበር የቆሙት። ያን ቀን ደስ ብሏቸው ነበር።»

ማርያ አፏን ልትከፍት ስትል ተናኜ እጇን ያዘች። ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ልትሰማው የተመኘችው ቃል ይኸው ነው፤ እናትሽ ነበሩ የሚል ምስክር። ዝም ብትል የእሷ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን ይህን ሁሉ የደከመች ልጅ አጠገቧ ቆማለች፤ ዝም ማለት ድካሟን መስረቅ መሰላት።

«ጋሽ ተስፋዝጊ፣ እናቴ ያን ቀን አልመጣችም። ይህቺ ልጅ ናት አሁን ያመጣችልኝ። ፊቱ የእናቴ ነው፤ ትከሻውና ነጠላው የኔ።»

ሽማግሌው ፎቶውን አዩ፣ የተናኜን ትከሻ አዩ፣ እንደገና ፎቶውን አዩ።

«ታዲያ ዘገዩ እንጂ መጥተዋል» አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ፎቶው ዝቅ ብለው እጅ ነሡና የሙሽራን እናት እንደሚሉት «እንኳን ደስ ያለዎት» አሏቸው።