በዜጋ ዋጋ

እህቴ ልጄን «ልጄ» ስትላት ጥርሴን ነክሼ መቀመጥ ነበረብኝ። የዚያን ቀን ሥራዬ ይኸው ብቻ ነበር፤ ዝም ማለት። ለእኔ ደግሞ ከዚህ የሚከብድ ሥራ የለም። የዩኒፎርም ስፌት ቤቴን ደንበኞች ብትጠይቁ ይነግሯችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ፋርማሲ መማር ትፈልጋለች። እኛ አገር ለአንድ ዓመት የሚከፈለው ገንዘብ ድንበር ማዶ ባለው ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ያስተምራል። ያውም የሁለት ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ ነው። ታዲያ ይህ ለዜጋ ልጅ ነው፤ ለውጭ ተማሪ ሲሆን ዋጋው ዘሎ ከእኛው አገር ጋር እኩል ይሆናል። እኔና ባሌ ቤታችንን ብንሸጥ እንኳ አንችለውም። ታላቅ እህቴ ግን እዚያ ተድራ ዜግነት ከወሰደች ሃያ ዓመት አልፏታል። ልጅ የላትም። ከማዘጋጃ ቤት ልጄን የእሷ ልጅ የሚያደርግ ወረቀት አወጣች። እንዴት እንዳወጣችው አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም።

ከዚያ ልምምድ ጀመርን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጄ «አክስቴ» እያለች ጠራችኝ። ባሌ «እኔስ ምንሽ ልሁን?» ሲላት «አንተማ ሾፌራችን ነህ» አለችው። ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። የእኔ ሳቅ ከአንገት በላይ ነበር።

የምዝገባው ቀን መጀመሪያው ላይ ያለ እንከን ሄደ። የመዝጋቢው መስኮት ላይ ወረቀቱ ታየ፣ ተገላበጠ፤ «የጤና ካርድ አስሞልታችሁ ተመለሱና ማኅተም ይመታላችኋል» ተባልን። ክሊኒኩ ግቢው ጥግ ላይ ነው። ሲስተሯ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። እህቴና ልጄ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጡ። እኔ ቦርሳቸውን አቅፌ ግድግዳው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ያውቃል?»

«የለም» አለች እህቴ።

«አስም? የሚጥል በሽታ?»

«ኧረ ምን በወጣትነቷ!»

«የማይስማማት መድኃኒት አለ?»

«ምንም የለም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ብረት ናት።»

ክው አልኩ። ፔኒሲሊን በሕፃንነቷ ሊገድላት ነበር። የልደት ቀን፣ የሰፈር ስም፣ የትምህርት ቤት ስም ስናጠና ይቺን ረስተናል፤ ያን ጊዜ ማንሳት ስለማልወድ ለእህቴም ነግሬያት አላውቅም። ልጄ ግን ታውቃለች። ዞር ብላ አየችኝ። ዓይኗ «ዋ! እንዳትናገሪ» ይላል። ሲስተሯ «የለም» ብላ ጻፈች።

እስኪ ዝም ልበል አልኩ። ራሷ ታውቅ የለ? ግን ትኩሳት አቃጥሏት ራሷን የሳተች ቀን ማን ይጠይቃታል? ካርዱን ነው የሚያዩት። ካርዱ «የለም» ካለ መርፌውን ይወጓታል። እኔ አገሬ ላይ ኮሌታ እየሰፋሁ ልጄ ታልቃለች።

«አለ!» አልኩ። ብድግ ማለቴን ራሴም አላወቅሁም። «ሲስተር፣ ፔኒሲሊን አይስማማትም። ይጻፉልኝ።»

«እርስዎ ምኗ ነዎት?»

«አክስቷ።»

«እናቷ የማታውቀውን አክስቷ አወቁ?»

እህቴ ፈጠን ብላ «እኔ መንገድ ሄጄ፣ ያኔ እሷ ጋ ነበረች» አለች። ሲስተሯ ያመነች መሰለኝ። ወደ እኔ ዞረች።

«ሽፍታ ብቻ ነበር ወይስ መተንፈስ አቃታት?»

«መተንፈስ አቃታት» ብዬ ማቆም ነበረብኝ። የዚያን ቀን ነገር ግን አሳጥሬ ማውራት አልችልም። የስምንት ወር ልጅ ነበረች። ሁለተኛውን መርፌ እንደወጓት ከንፈሯ አበጠ፣ ፊቷ ጠቆረ፣ ትንፋሿ እየቀጠነ ሄደ። አቅፌያት በኮሪደሩ ስሮጥ አንድ ጫማዬ መውደቁን ሁሉ ነገርኳት። «ጡቴን ባጎርሳት፣ ባጎርሳት አልይዝ አለች» አልኩ። «ወተቴ አንገቷ ላይ ይፈሳል፣ እሷ አትውጥም...»

ሲስተሯ እኔን አየች፣ እህቴን አየች፣ በመጨረሻ ልጄን አየች። ልጄ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ምን እንዳልኩ የገባኝ ያኔ ነው።

ሲስተሯ «የለም» የሚለውን ሰረዘችና በቀይ እስክሪብቶ «ፔኒሲሊን» ብላ ጻፈች። ካርዱን በእህቴ ፊት አሳልፋ ለእኔ ገፋችልኝ።

«እኔ ፖሊስ አይደለሁም» አለች። «ነገር ግን እዚህ ጋ የእናት ፊርማ ያስፈልጋል። እናት ያልሆነችውን አላስፈርምም።»

ፈረምኩ። ስሜ ጥርት ብሎ ይነበባል።

መስኮቱ ላይ መዝጋቢው ካርዱን ከወረቀቱ ጋር አስተያይቶ የእናት ስም እንደማይገጥም አየና የማዘጋጃ ቤቱን ወረቀት እዚያው አስቀረው። የውጭ ተማሪ ዋጋ የተጻፈበትን ቅጽ ሰጠን። ልጄ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ማናችንም ዋጋውን አላነበብንም፤ እናውቀዋለን።

እህቴ ሳትሰናበተኝ ሄደች። ልጄ እስከ አውቶቡስ ተራው ድረስ አሥር እርምጃ ቀድማኝ ተጓዘች። ትኬት ስቆርጥ መጥታ ፊቴ ቆመች፤ ዓይኗ ደም ለብሷል።

«ዝም ብትዪ ምን ነበረበት? እኔ አውቀው የለ? ይህን ቀን እስክሞት አልረሳልሽም!»

«አትርሺልኝ» አልኳት። «ተቀየሚኝ። ብቻ አርጅተሽ፣ ጥርስሽ ረግፎ፣ ያኔም ተቀየሚኝ።»