የባቡሩ ማዶ

ጂንካ አውሮፕላን አሳምራ ታውቃለች። ማረፊያው ከከተማዋ መሀል ነው፤ ዳኮታው ከሰማይ ማጉረምረም ሲጀምር ዘበኛው ፊሽካውን ይነፋል፣ ላሞች ይባረራሉ፣ ኳስ የሚጫወቱ ጎረምሶች ኳሳቸውን አቅፈው ወደ ዳር ይሸሻሉ፣ ከዚያ አውሮፕላኑ ጭቃውን እየረጨ ይወርዳል። ቅቤ ልትሸጥ የመጣች ሴት ሳትቀር «የዛሬው አወራረዱ አላማረኝም» ብላ ትተቻለች። ባቡር ግን ሌላ ነው። ባቡርን ጂንካ የምታውቀው በወሬ ነበር፤ ወሬውም የአንድ ሰው ወሬ ነበር።

ሰውየው ጋሽ ገብረ ማርያም ይባላሉ። ከመተሐራ መጥተው ጂንካ ከከተሙ አሥራ አራት ዓመታቸው ነው። «ሃያ ዓመት ሙሉ ባቡር ነድቻለሁ» ይላሉ፤ ሲቀመጡ ይሉታል፣ ሲነሡ ይሉታል፣ ሁለተኛው ብርሌ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ባቡሩን ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ በአንድ እጃቸው ያመጡታል። ጠርዟ የተበላ ሰማያዊ ቆብ አለቻቸው። ቆቧን ያየ ሁሉ አመነ፤ ከተማውም ስማቸውን ትቶ «ሾፌሩ» አላቸው።

ይህን ወሬ ከማንም በላይ አጥብቆ የሚሰማው ኤርጎ ነበር። ኤርጎ የአሪ ልጅ ነው፤ ቢበዛ ሠላሳ ዓመት ይሆነዋል። ከገበያው ጥግ ተቀምጦ ከባዶ ቆርቆሮ ኩራዝና ጣሳ ይሠራል። ሚስዮናውያኑ ከአገር ሲወጡ ትተዋቸው ከሄዱት ዕቃዎች መሀል አንዲት የመጫወቻ ባቡር አግኝቶ ነበር። ረጅም ጭስ ማውጫ፣ ከፊቷም እንደ አካፋ ያለ ነገር ያላት፣ ከየትኛው አገር እንደመጣች የማትታወቅ ፈረንጅ ነበረች። ኤርጎ የፈረንጅ ባቡር አልፈለገም። የእኛን ባቡር ነበር የፈለገው።

በ1976 ክረምት የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሊከበር ነው ተባለና በአውራጃው አዳራሽ ኤግዚቢሽን እንደሚዘጋጅ ታወጀ። አንደኛ የሚወጣው የእጅ ሥራ ከነሠሪው አዲስ አበባ ይሄዳል። ሌላው ሰው «አዲስ አበባ» የሚለውን ሰማ፤ ኤርጎ የሰማው «ለገሀር» የሚለውን ነው፤ ማንም ባይለውም። ባቡር በዓይኑ ሊያይ! ዳኮታ እንደሆነ ጠግቦታል።

በማግስቱ የመጫወቻዋን ባቡር በጨርቅ ጠቅልሎ ጋሽ ገብረ ማርያም ዘንድ ሄደ።

«ጋሼ፣ ይህ ጭስ ማውጫ ልክ ነው?»

«ምን ጭስ አለ አንተ! የከሰሉ ባቡር ከቀረ እኮ ቆየ። የኛ የናፍጣ ነው፤ ፊቱ እንደ ሳጥን ነው። ቁረጠው!»

ኤርጎ ቆረጠው። ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ሳጥን የመሰለ አካል ሠርቶ አለበሳት፣ ሁለት ፉርጎም ጨመረላት። «አይሸጥም፣ አይለወጥም» የሚለው የፈረንጅ ጽሑፍ በጣሪያው ውስጠኛ በኩል ቀረ። ልኩን የሚይዘው በዘንግ ነበር፤ የእውነተኛው ባቡር አንድ ክንድ በእሱ ባቡር አንድ ጣት ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደበሌ ሥራውን ሊያይ መጣና ፊቱን አጨፈገገ።

«ጭሱስ?»

«ጓድ፣ የናፍጣ ነው።»

«የናፍጣ ይሁን የቅቤ፣ ባቡር ካልጨሰ ሰፊው ሕዝብ በምን ያውቀዋል? በፖስተሩ ላይ ሲጨስ አላየህም?»

ከኤርጎ አጠገብ የተቀመጡት ጋሽ ገብረ ማርያም ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «ሃያ ዓመት የነዳሁት እኔ ነኝ ወይስ ፖስተሩ?»

ጓድ ደበሌ ከባቡሯ ፊት ላይ ቀይ ኮከብ እንዲለጠፍ አዘዘና ሄደ።

ሥራው ቀጠለ። ስለ በሩ እጀታ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ መስኮቱ ጠርዝ ሲጠይቃቸው ሽማግሌው እንደ ውሃ ያወርዱታል። አንድ ቀን «መስኮቱ ከመሬት ስንት ክንድ ይሆናል?» አላቸው። ጋሽ ገብረ ማርያም ሳያስቡት ተነሡ። ግራ እጃቸው ራሳቸው ላይ ያለ ትሪ የሚደግፍ ይመስል ወደ ላይ ወጣ፤ በእግራቸው ጣቶች ቆመው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«እዚህ ድረስ። አጭር ሰው ከሆንክ ሳንቲሙን ይወረውሩልሃል እንጂ እጅህ አይደርስም።»

ኤርጎ ዘንጉን አስደግፎ ለካ። ከዚያ «ማዶውስ?» አለ።

«የቱ ማዶ?»

«ሌላው ጎን።»

«ሾፌር ወደ ፊት ነው የሚያየው፤ ጎን ለጎን አይገላመጥም።»

«እሺ፣ ከሾፌሩ ፊት ለፊት ምን አለ?»

ጋሽ ገብረ ማርያም እጃቸውን አወረዱ። «ብዙ ነገር አለ» አሉ፤ ብዙውን ግን አልዘረዘሩትም።

«ጋሼ» አለ ኤርጎ ቀስ ብሎ፣ «ምን ነበር የሚሸጡት?»

ሽማግሌው በሩ መዘጋቱን አዩ። «እንቁላል» አሉ። «የተቀቀለ፤ ከነጨውና ከነሚጥሚጣው። አሥራ አንድ ዓመት። ባቡሩ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ መቶ ሰው በመስኮት ይጮህብሃል፤ ማዶውን ለማየት ጊዜው የት አለ? ቆቧን ሰክሮ የወረደ መንገደኛ ነው የጣላት። በል አሁን ለማንም አልናገርም ብለህ ማልልኝ።»

«እኛ አንምልም ጋሼ።»

«ጴንጤ መሆንህን ረሳሁት። ታዲያ በምን ልመንህ?»

«አልናገርም ካልኩ አልናገርም።»

እውነቱን ነው። ኤርጎ አይምልም፤ አይዋሽምም። በገበያ ለሚኖር ሰው ይህ ከአንካሳነት የማይተናነስ ጉድለት ነው፤ ደንበኞቹም እያዘኑለት ይገዙት ነበር።

ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው ባቡሩ በአንድ በኩል ሙሽራ፣ በሌላው በኩል ባዶ ቆርቆሮ ነበር። ኤርጎ ለመስኮቶቹ መጋረጃ የሚሆን ቁራጭ ጨርቅ ፍለጋ ወደ እትዬ ኸዲጃ ሱቅ ሄደ። እትዬ ኸዲጃ ከድሬዳዋ መጥተው ጂንካ ጨርቅ የሚነግዱ ሴት ናቸው። ባቡሩን በባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጠው አዩና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ወላሂ ይሄ የጉምሩክ ፈታሾቹ የሚቆሙበት ጎን ነው! ምን ሊረባህ ነው እንዲህ ያሳመርከው?»

«ባቡር ያውቃሉ እንዴ?»

«ከድሬ ወዲህ ስንት ጣቃ ያሳለፍኩ ይመስልሃል? በል በሩን መለስ አድርገው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማዶውን ልንገርህ። መጸዳጃው አጠገብ ያለው መስኮት መስታወት የለውም፤ ያወለቅነው እኛ ነን። ከሥሩ መንጠቆ አለ፤ ጣቃው በገመድ እዚያ ላይ ይንጠለጠላል። ባቡሩ ጣቢያ ሳይደርስ ሲያዘግም ገመዱን ትቆርጣለህ። ከዚያ ራስህን ትወረውራለህ። የታችኛው መርገጫ ጎብጧል፤ ጉልበቴ ምስክሬ ነው።»

ኤርጎ በዘንጉ ላይ በቢላ ምልክት አደረገ። «መንጠቆው ስንት ጣት ነው?»

«አንተ ልጅ ባቡር ነው የምትሠራው ወይስ ኮንትሮባንድ ልትጀምር ነው?» ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «ከኔ ሰማሁ ያልክ ቀን ሱቄ ይታሸጋል።»

«አልልም።»

በኤግዚቢሽኑ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። የአሪ ሴቶች ሸክላ፣ የሐመር በርኮታ መቀመጫ፣ የማር ቅል፣ የእትዬ ኸዲጃ የጨርቅ ጠረጴዛ፣ መሀል ላይ የኤርጎ ባቡር በሽቦ ሐዲዱ ላይ። ሥራዎቹን ሊዳኝ ከአርባ ምንጭ የመጣው የክፍለ ሀገር ሹም ጓድ ነጋሽ ይባላል፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ራሱ እስከ ማጅራቱ ድረስ የተመለጠ ሰው ነው። ባቡሩን ከፊት አይቶ «ድንቅ ነው!» አለ። ጓድ ደበሌ ኮከቡን የጨመረው እሱ መሆኑን ነገረው። ጓድ ነጋሽ ጠረጴዛውን ዞረና ማዶውን አየ። ሳቁ እንደ ኩራዝ እፍ ተባለ።

«ይህ መስኮት መስታወቱ የታለ?»

«የለውም ጓድ» አለ ኤርጎ።

«ይህስ መንጠቆ?»

«መንጠቆ ነው።»

«እኔ ከዚህ ሹመት በፊት ዘጠኝ ዓመት ጉምሩክ ነበርኩ። ጣቃው በየት እንደሚያልፍ ስፈልግ ይኸው ፀጉሬ አለቀ። ማን ነገረህ?»

እትዬ ኸዲጃ ከጨርቃቸው ኋላ አመድ መሰሉ። ኤርጎ መሬት መሬት አየ።

«ትናገራለህ፣ አዲስ አበባ ትሄዳለህ። አትናገርም፣ ቆርቆሮህን ተሸክመህ ወደ ገበያህ!»

ጓድ ደበሌ በክርኑ ጎሰመው። «አላውቅም በል እንጂ፣ ጅል!»

«ግን አውቃለሁ» አለ ኤርጎ ጮክ ብሎ። ለገሀር ከፊቱ ስትርቅ ታየችው። «አውቃለሁ ጓድ፤ ግን ቃል ስለገባሁ አልናገርም።»

«የነገርኩት እኔ ነኝ» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ጋሽ ገብረ ማርያም ሰው እየገፉ ወደ ፊት መጡ።

«እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?»

«ሾፌሩ ናቸው!» አለ ሕዝቡ ባንድ አፍ።

«ሾፌር! እንግዲያ እያዩ ዝም ይሉ ነበራ! ምናልባትም ይካፈሉ ነበር!»

ጋሽ ገብረ ማርያም በሩ አጠገብ የቆመውን ፖሊስ አዩ፤ የሚያውቃቸውን ሕዝብ አዩ። ከሁለቱ ፖሊሱ ይሻል ነበር። ቢሆንም ቆባቸውን አወለቁ። «ሾፌር አይደለሁም፤ ሆኜም አላውቅም። መተሐራ ላይ እንቁላል ሻጭ ነበርኩ። አንድ ቀን ሽንቴ መጣና ወደ ማዶ ዞርኩ። ሱሪዬን ከመፍታቴ አንድ ጣቃ ከላይ መጥቶ ትሪዬ ላይ፤ ስምንት እንቁላል ፍርጥ! ቀና ስል መስኮቱን አየሁ፣ መንጠቆውን አየሁ። ሱሪዬን ታጥቄ ልጮህ ስል ባቡሩ ሄደ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጓድ ነጋሽ ግን ዓይኑን አጥብቦ ወደ ሽማግሌው ተጠጋ። ከአንቱ ወደ አንተ ለመውረድ አንድ ትንፋሽ አልፈጀበትም።

«የመተሐራው! አንተ ነህ አይደል የገማ እንቁላል የሸጥክልኝ? እስከ አዋሽ ስታመም ነው የሄድኩት!»

«በእንቁላሌ የታመመው ስንቱ ነው ጌታዬ፤ የሁሉን መልክ አላስታውስም።»

ጓድ ነጋሽ ራሱ መሳቅ ሲጀምር ፖሊሱም ተፈቅዶለት ሳቀ። ሽማግሌው ማዶውን በሕይወታቸው አይተው እንደማያውቁ በአዳራሹ ውስጥ የሚያውቀው ኤርጎ ብቻ ነበር። ዝም አለ። ዝምታ ውሸት ይሁን አይሁን ሰባኪው ገና አላስተማሩትም።

«ሥራው አንደኛ ነው» አለ ጓድ ነጋሽ እንባውን እየጠረገ። «ነገር ግን የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ባቡር እንዲህ ያለ ቀዳዳ አይኖረውም። መስኮቱን ዝጋና ትሄዳለህ።»

ኤርጎ እዚያው ቁጭ ብሎ የጥፍር ያህል ቆርቆሮ ቆረጠ። በስታኞ አልበየደውም፤ በጣት ሲገፉት እንዲከፈት በቀጭን ሽቦ ከላይ ብቻ አንጠለጠለው።

«ዘጋኸው?»

«ተዘግቷል ጓድ።»

ጋሽ ገብረ ማርያም ሳምንት ሙሉ «እንቁላሉ» ተባሉ። ጠጅ ቤትም መሄድ ተዉ። በስምንተኛው ቀን እትዬ ኸዲጃ ለሱሪ የሚሆን ምርጥ ካኪ ላኩላቸው፤ መልእክቱ «ለሚቀጥለው ሽንትዎ» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲያ ወደ ጠጅ ቤቱ ተመለሱ። ስለ ባቡር የሚያወራ ሌላ ሰው ስላልነበረ ጂንካም ተመልሳ ከበበቻቸው፤ አሁን የሚወረወረው ጣቃ በየብርሌው ይበዛ ጀመር።

ኤርጎ አዲስ አበባ የደረሰው የዋና ከተማው ኤግዚቢሽን ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ሳጥኑን እንዳቀፈ በቀጥታ ለገሀር ሄደ። ባቡሩ ቆሞ ነበር። መስኮቱ ሥር ሄዶ እጁን ዘረጋ፤ ልክ ነው። የቀለሙ መደብ፣ የበሩ እጀታ፣ ልክ ነው። ዘበኛው «ወዴት ነው?» ሳይለው በመጨረሻው ፉርጎ በኩል ወደ ማዶ ዞረ። መርገጫው ጎብጧል። የእትዬ ኸዲጃን ጉልበት እያሰበ ወደ ታች ጎንበስ አለ፤ እንደጎነበሰም ቀረ።

አንዱ ፉርጎ ስምንት እግር አለው! አራት ከፊት፣ አራት ከኋላ፤ ፊተኛው ሞተርም እንደዚያው። ሽማግሌው አሥራ አንድ ዓመት ወደ ላይ ወደ መስኮቱ አዩ፤ ሴትየዋ ዘለው ሮጡ። ወደ ታች ያየ አንድም ሰው አልነበረም። የኤርጎ ባቡር ግን በሦስቱም አካሉ ከቢራ ቆርኪ የተሠራ አራት አራት እግር ብቻ ነበር ያለው። እንዲህ ሆኖ ነው ነገ መንግሥት ፊት ሊቆም!

ኤርጎ በዕድሜው መጠጥ ቤት ገብቶ አያውቅም። ከጣቢያው በላይ ያሉትን ቡና ቤቶች አንድ በአንድ ተመለከተ፣ ሳጥኑን አጥብቆ ያዘ፣ ዘፈኑ ዝቅ ወዳለበት ገባ።

«ምን ልቅዳልህ የኔ ጌታ?» አለችው አስተናጋጇ።

«ቆርኪ» አለ ኤርጎ። «አሥራ ሁለት።»

ልጅቷ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ቢራውንስ?»

«አልጠጣም።»

«እንግዲያ የሚጠጣልህ ሰው ጥራ» አለችና ወደ አዳራሹ ዞረች። «እናንተ! ይህ ሰውዬ ቆርኪ ቸግሮታል፤ ቶሎ ቶሎ ጠጡለት!»

በየጠረጴዛው ያሉት ሰዎች ብርጭቆአቸውን አነሡለት። ኤርጎ ከባንኮኒው ጥግ ተቀመጠ፣ ሳጥኑን ከፈተ፣ መቀሱንና ሽቦውን አውጥቶ መጠበቅ ጀመረ።