ባዶ መኪና

አባቴ በሞተ በአርባ ዘጠነኛው ቀን እንደ ልማዳችን መኪናውን ባዶ አደረግነው። የውሃ በርሜሉን፣ የመሣሪያ ሣጥኑን፣ ሁለቱን ስኮርታ ጎማዎች፣ ብርድ ልብሱን ሳይቀር አውጥተን ከድንኳኑ ጀርባ ደረደርን። የሟች ዕቃ አንዴ ከወጣ አይመለስም። እኔም እጄን የማደርግበት ሳጣ ትራስሚሲዮኑን፣ ያን ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ረጅም ዘንግ፣ ፈትቼ ግራሶ ቀባሁትና መልሼ ገጠምኩት። ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱ አርባ ሲደርስ ወንበሩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ሴንጌ አንድ ቀን ጠዋት በሞተር ሳይክሉ መጣ።

«እስከ ከሰዓት ካልተስተካከለ እወስደዋለሁ» አለ። «ከተማ በፈረሶች የሚለውጠኝ ሰው አለ። እናንተ ወደ በረዶ ወራት ሰፈር በእኔ ግመሎች ትሄዳላችሁ።»

መኪናው ከሄደ እኔ የእሱ በጎች ጠባቂ፣ እናቴም የሰው ቤት ጥገኛ እንደምንሆን አውቃለሁ። ግን ነገሩ የማላውቀው ሰው ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። መኪናው ሥር ገብቼ በጀርባዬ ተኛሁ። መሬቱ ይቀዘቅዛል፤ እሱም ብዙ አልተሰማኝም።

«እዚያ ሥር ደመና የለም እኮ፣ ምንድን ነው የምታየው?» አለ አጎቴ።

«ዘንጉን ስፈታ በመሮ ያደረግኋቸውን ምልክቶች ነው፣ አጎቴ። ፊት ለፊት ናቸው፤ በትክክል ነው የገጠምኩት።»

«ታዲያ የሚያንቀጠቅጠው ሰይጣን ነው?»

«ሴንጌ! አፍህን!» አለች እናቴ ከድንኳኑ በር።

ከትምህርት ቤት የተረፈችኝን ፕሮትራክተር አወጣሁ። መሀሏ ላይ ክር አስሬ፣ በክሩ ጫፍ የብሎን ዳዶ አንጠለጠልኩ።

«አሥር ዓመት የተማርከው ለዚህች ነው?»

«ለዚህች ነው።»

ዘንጉ ከካምቢዮ የሚወጣበት ጫፍ አራት ዲግሪ ያዘመመ ነው። ከኋላ ዲፈረንሻሉ ላይ ያለው ሰባት ሆነ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ዘንጉ ሲሽከረከር ይንገጫገጫል። ከአክስሉና ከባሌስትራው መሀል በግራና በቀኝ ሁለት የብረት ሽብልቆች አሉ፤ አባቴ በእጁ የሞረዳቸው። የሚያጣምመው እነሱ ናቸው ብዬ መፍቻ አነሳሁ። ግን በደንብ ነው የተሞረዱት። እጄ ቆመ።

«እማ፣ እነዚህን ብረቶች ለምን አስገባቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። «ባዶውን ነድቶት ግን አያውቅም። ለውሃ ሲወርድ እንኳ እኔን ጭኖ ነው።»

ሽብልቆቹ የተሞረዱት ለተጫነ መኪና ልክ ነው ማለት ነው። ከመኪናው ሥር ወጣሁ። በርሜሉን ማንከባለል ስጀምር አጎቴ ዘሎ ተነሳ።

«የወጣ ዕቃ ይመለሳል እንዴ? አብዳችኋል?»

«በርሜል በርሜል ነው» አለችው እናቴ። «የማን እንደነበር እኔ አልጠራም፤ አንተም አትጥራ።»

ውሃ ሞላነው። ሣጥኑንና ጎማዎቹን ጫንን። እናቴ በርሜሉን ተደግፋ ተቀመጠች።

«አንተም ግባ» አለችው። «ለክብደት እንኳ ትጠቅማለህ።»

«እኔ ጆንያ ነኝ?»

«ጆንያማ ዝም ይላል።»

እያጉረመረመ ገባ። መኪናው ከኋላ ዝቅ አለ። ተመልሼ ሥር ገባሁና ዳዶዋ መወዛወዟን እስክታቆም ጠበቅሁ። ከፊት አራት። ከኋላም አራት።

ወደ ወንዙ ነዳሁት። አርባ። ሃምሳ። ስልሳ። አጎቴ መዳፉን ወንበሩ ላይ ዘርግቶ መንቀጥቀጡን ይጠብቃል። አልመጣም።

«በቃ፣ ሞተሬ ጋ መልሰኝ» አለ በመጨረሻ። ሲሄድ ስለ ፈረሶቹም ስለ ግመሎቹም አላነሳም።

እናቴ መንገዱ እንዲቀና ጎማዎቹ ላይ ወተት ረጨች። እኔ ደስ እንዲለኝ ቆሜ ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም። ከድንኳኑ ጀርባ ብርድ ልብሱ ብቻ ቀርቷል። ሦስት ኪሎ አይሞላም፤ ልኬቱን አይለውጥም። አምጥቼ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ አነጠፍኩት።