የማሽኑ ቀለብ

አማትና ምራት ፍራሽ ያመርታሉ። ድርጅቱን ከአንድ መስፊያ መኪና አንስተው እዚህ ያደረሱት አማትየዋ ናቸው፤ ሂሳቡን የምትይዘው ምራታቸው ነች። በአንድ ሰሞን አማትየዋ ስፖንጅ የሚቆርጥ ማሽን አይተው ልባቸው እዚያው ቀረ።

«ገንዘቡ አለን አይደል? በቃ እንግዛው» አሏት።

ምራትየዋም ጓጉታ የሦስት ዓመት ትንበያ ሠራች። ትርፉ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ሁለቱም ጮቤ ረገጡ። በማግስቱ ግን በየወሩ የሚገባውንና የሚወጣውን ስትደምር፣ በአምስተኛው ወር ካዝናው ባዶ ሆነባት። ተሳስቼ ነው ብላ ደገመችው። ያው ነው።

«እማማ፣ ማሽኑን ከገዛን ለደመወዝ እንኳ አይተርፈንም።»

«ምን ነካሽ? እየሸጥን እንዴት እንደኸያለን?»

እጃቸውን ይዛ መጋዘን አስገባቻቸው። ስፖንጁ ጣሪያ ነክቷል።

«ይኼ ሁሉ ብራችን ነው፤ ስፖንጅ ሆኖ ተኝቷል። ሱቆቹ ጋ ያለው ፍራሽም ብራችን ነው፤ የሚከፍሉን ግን ከሁለት ወር በኋላ ነው። ማሽኑ እጥፍ ሲቆርጥ እጥፍ ስፖንጅ እጅ በእጅ እንገዛለን፣ እጥፍ ፍራሽ በዱቤ እንሰጣለን። የማሽኑን ዋጋ አሰብን እንጂ ቀለቡን ረሳነው።»

አማትየዋ ክምሩን አዩ፣ አዩና ፊታቸው ፈካ።

«ታዲያ ቀለቡን እናበጅለታ» ብለው ስልካቸውን አወጡ።

ሲረከብ ለሚከፍል ባለሱቅ ሁሉ ቅናሽ አቀረቡ። አንዱ እምቢ አለ፤ ሌሎቹ ተስማሙ። ስፖንጅ አቅራቢውን አንዴ እየሳቁ አንዴ እየተቆጡ ግማሹን ሂሳብ ከወር በኋላ እንዲቀበል አሳመኑት። ምራትየዋ ኮምፒውተሯን ክምሩ ላይ አስደግፋ መልሱን እየተከተለች ታስገባለች። የካዝናው ቁጥር ቀስ በቀስ ይነሣል።

«አሁንስ?»

«ትንሽ ይቀረናል። ግዢውን አራት ወር ብንገፋው፣ ይኼ የተኛው ስፖንጅ ተሰፍቶ ይሸጣል።»

«ግፊው!»

ገፋችው። አንድም ወር ከዜሮ በታች አልወረደም። እዚያው ስፖንጅ መሀል ተቃቅፈው ሳቁ።

ማሽኑ የመጣ ቀን ደስታ ያልታየበት እስከዚያ ስፖንጁን በቢላ ይቆርጥላቸው የነበረው ሠራተኛ ብቻ ነበር። «ምላጭ» ነው የሚሉት። እንጀራዬ ቀረ ብሎ ጥግ ቆሟል።

«ና እንጂ፣ ማን ሊያንቀሳቅሰው ነው?» አሉት አማትየዋ።

ምላጭ ቀስ ብሎ ቁልፉን ተጫነ። ስፖንጁ እንደ ቅቤ ተከፈለ። ጠርዙን በመዳፉ ዳሰሰውና ቀና አለ።

«አንድ ልድገም?» አለ፤ መልስ ሳይጠብቅም ሌላ ስፖንጅ ማሽኑ ላይ ጫነ።