ሁለት ዙር ተኩል

ወንድም ጋሼ በሞተ በሁለተኛው ወር ሚስቱ እትዬ ደወለችልኝ። አሮጌ መኪናውን ልትሸጥ ነው። ገዢው ካምቢዮው ኦቶማቲክ መሆኑን ሲሰማ «መጀመሪያ መካኒክ ይየው» ብሏል።

«እኔ እኮ አሁን ጎማ ጠጋኝ ነኝ» አልኳት።

«እሱ ያስተማረው ካንተ ሌላ ማን አለ?»

እውነቷን ነው፣ ስድስት ዓመት በጋራዡ አብሬው ሠርቻለሁ። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ከበሮውን ዙሪያውን ጨምድዶ የሚይዝ የብረት ቀበቶ አለ፤ ባንድ እንለዋለን። በጎን ያለውን ቡሎን እስኪይዝ አጥብቆ፣ ከዚያ በልኩ መልሶ ማላላት ነው፤ ማላላቱ ካነሰ ባንዱ እየተፋተገ ይቃጠላል። መመሪያ መጽሐፉ ጠፍቷል ስላለኝ ልኩን የያዝኩት ከአፉ ነው። «ለዚህ ዓይነቱ አንድ ዙር ተኩል። እንዳትረሳ!» ራሱ ሲሠራ ደግሞ ቡሎኑ ላይ ሲደርስ ጨርቅ አምጣ ብሎ ይልከኛል።

አልረሳሁም። ግን እኔ የነካሁት ካምቢዮ ወር ሳይሞላው ባንዱ ተቃጥሎ ይመለሳል። ጋራዡ በሙሉ «ክብሪት» አለኝ። «ክብሪት መጣ፣ ቤንዚኑን አርቁ!» ሲሉ ወንድም ጋሼም አብሮ ይስቃል። የተቃጠለውን እሱ ይፈታና «አይዞህ፣ አንዳንድ እጅ ይከብዳል» ይለኛል። በመጨረሻ መፍቻዎቼን አስረክቤ ጎማ ቤት ገባሁ።

እትዬ ግቢ ውስጥ መኪናውን በክሪክ አንስቼ ከሥሩ ገባሁ። ወንድም ጋሼ ሊታመም ሳምንት ሲቀረው ባንዱን አስተካክሎት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነዳውም። ቡሎኑን የሚቆልፈውን ዳዶ አላልቼ፣ እሱ የተወውን ልክ ለማረጋገጥ ቡሎኑን ዙር እየቆጠርኩ አጠበቅሁ። አንድ። አንድ ተኩል። እዚህ ጋ መያዝ ነበረበት፤ አልያዘም። ሁለት። ሁለት ተኩል ላይ ጠበቀ።

መልሼ አላላሁና እንደገና ቆጠርኩ። ባንዱ ተበልቶ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ቢበላም ሩብ ዙር ቢሆን ነው እንጂ ሙሉ ዙር አይሆንም። አራት ጊዜ ቆጠርኩ።

«ምነው ቆየህ?» አለች እትዬ። ከሥር የሚታየኝ ነጠላ ጫማዋ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ የዚህን ልክ ለኔ ስንት ብሎ እንደነገረኝ ታውቂያለሽ?»

ነጠላ ጫማዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ደንበኛው ሁሉ አንተን መጠየቅ ጀምሮ ነበር» አለች። «የራሱን ጋራዥ ይከፍትብኛል ብሎ ፈራ። ስንቴ እውነቱን ንገረው ብዬ ለመንኩት፤ ነገ ነገ ሲል…»

«አንቺስ?»

«ባሌ ነው።»

በቀብሩ ላይ «አስተማሪዬ!» እያልኩ ደረቴን የደቃሁት እኔ ነኝ። እሷም አጠገቤ ቆማ ትሰማኝ ነበር።

ሁለት ዙር ተኩል መልሼ አላላሁ፤ ቡሎኑ እንዳይዞር ይዤ ዳዶውን አጠበቅሁ። ከሰዓት በኋላ ገዢው መጥቶ ነዳው። ማርሹ ሲቀየር እንኳ አይታወቅም።

«ካምቢዮውን ያስተካከለው ማነው?» አለ ፊቱ በርቶ።

እትዬ አየችኝ። «እኔ» ልል ነበር፤ አፌ አልታዘዘልኝም። «ወንድም ጋሼ» ልል ፈለግሁ፤ እሱም አልወጣ አለኝ።

«ሟቹ» አልኩት።